ኪሞኖው ከመሸመኑ በፊት ያለው ሥራ

ሐረግ_ጥለት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ የጃፓኖች የባህል ልብስ ኪሞኖ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ አለባበሱ ነው። ስለ መቀነቱ አስተሳሰር፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፎቶው። ስለ ጨርቁ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ጃፓን የመጣሁት የጨርቅ ሥራ ልማር ነውና ዛሬ ስለ ጨርቁ ላውራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በእጅ የተሸመነ ኪሞኖ ላይ ከባዱ ጥበብ ሽመናው አይመስለኝም። ከሽመናው በፊት ያለው ነው። ሸማኔዋ ሥራ ስትጀምር ሥዕሉ ክሩ ላይ አልቋል። የእሷ ድርሻ ሳይበላሽ ወደ ጨርቅ ማድረስ ነው።

ምሳሌዬ ዩኪ ጹሙጊ ነው። ከቶኪዮ ወደ ሰሜን፣ በኢባራኪና በቶቺጊ አውራጃዎች፣ በኪኑ ወንዝ አካባቢ የሚሠራ የሐር ጨርቅ። ዩኔስኮ በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

መጀመሪያ የሐር ትሉ የተጠቀለለበት ጎጆ ይቀቀላል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በጣት ይከፈትና ይለጠጣል። አምስት ስድስቱ ሲደራረቡ ትንሽ ከረጢት የመሰለ ባዘቶ ይወጣቸዋል። ፈታይዋ ባዘቶውን በቆመ ዘንግ ጫፍ ላይ ትጠመጥመዋለች። በአንድ እጇ ትስባለች፤ በሌላው ጣቷን በምራቋ እያረጠበች ክሩን ታለሰልሳለች። እንዝርት የለም። መዘውር የለም። ክሩ ጭራሽ አይከርርም። ለአንድ ኪሞኖ የሚበቃውን ፈትል ለማውጣት ብቻ ወራት ይፈጃል።

ቀጥሎ ሥዕሉ ይመጣል። ንድፉ በካሬ ወረቀት ላይ ይሳላል። ቀለም እንዳይነካው የተፈለገው እያንዳንዱ ነጥብ ክሩ ላይ በጥጥ ፈትል ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ይነከራል። እስሩ ሲፈታ ነጩ ነጥብ ይቀራል። ድሩም ማጉም እንዲህ ታስሮ የሚነከርበት ሥራ አለ። በጣም የታወቀው ንድፍ የኤሊ ጀርባ የመሰለ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። የጣቃው ወርድ 38 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በዚያች ወርድ ላይ 80፣ 100፣ 160፣ ሲብስም 200 የኤሊ ጀርባ ይደረደራል። አንድ ጣቃ ላይ የሚያስረው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ነው። የሁለት ሰው የእጅ ጉልበት እኩል ስለማይሆን እስሩ ከተለያየ ነጥቡም ይለያያል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሸማኔዋ የምትቀመጠው። ምን ትላላችሁ?

በረከት_ሃያሁለት፦
ሐረግ ክበሪልን። ግን ቀጥታ ልጠይቅሽ። ማሽን ይህን መሥራት ያቅተዋል? ጃፓን እኮ ሮቦት የሚሠራ አገር ነው። ደግሞስ ዋጋው ስንት ነው? ለሠርግ የሚለበስ ከሆነ እሺ፤ ሰው ለሠርግ ብዙ ያወጣል።

ሐረግ_ጥለት፦
በረከት፣ ከማሽኑ ልጀምር። ያልከረረ ክር ጉተታ አይችልም። ማሽን ድሩን ሁሌ በአንድ ዓይነት ጉልበት ወጥሮ ይይዛል፤ ክሩ ይበጠሳል። የዩኪ ሸማኔ ግን የምትሠራው መሬት በተጠጋ ዕቃ ነው። ድሩ ከወገቧ ጋር ይታሰራል። ወደ ኋላ ስትል ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስትል ይላላል። ክሩ ሊበጠስ ሲል ሰውነቷ ያውቀዋል። ድሩን የምትከፍተው እግሯ ላይ በታሰረ ገመድ ነው። መወርወሪያው ደግሞ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ ከባድ እንጨት ነው፤ ማጉን ካሳለፈችበት በኋላ በራሱ በመወርወሪያው ትመታዋለች።

ዋጋው፣ በዚያ ዕቃ የተሸመነ እውነተኛ ዩኪ ከሚሊዮን የን በላይ ይሸጣል። ስፌቱ ለብቻው ነው።

ስለ ሠርግ ያልከው ግን የሚገርም ነገር አለው። ያንን የሚያህል ዋጋ ያለው ጹሙጊ ለወግ ሠርግ አይለበስም። ጹሙጊ ከመነሻው የገበሬ ጨርቅ ነው። ለገበያ የማይሆነውን፣ ክሩ ቀጥ ብሎ የማይመዘዘውን የሐር ጎጆ ገበሬዎች ለራሳቸው ፈትለው ይለብሱት ነበር። ዋጋው ሰማይ ቢነካም ማዕረጉ አልተቀየረም። ለሠርግ የሚመረጠው ነጭ ሐር ተሸምኖ በኋላ ሥዕል የተቀባበት ኪሞኖ ነው። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ባለቤቷ የምትለብሰው ለራሷ ደስታና ጨርቅ ለሚያውቅ ዓይን ነው።

የዶርዜ_ልጅ፦
እህቴ፣ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። እኔ ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። "የሸማኔዋ ድርሻ ማድረስ ነው" ማለትሽ አልተዋጠልኝም። ድርና ማግ ሁለቱም አስቀድሞ ቀለም ከተነከረ፣ ነጥቡ ከነጥቡ ጋር እንዲገጥም የሚያደርገው ማን ነው? ክር እኮ ይሳሳባል። ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ዝናብ ሲሆን ሌላ ነው። እጅ ካልመጠነው ያ ሁሉ እስር ከንቱ ነው።

ሐረግ_ጥለት፦
ወንድም ዓለም፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው የፈለግኩት። ኦሺማ ስለሚባለው የአማሚ ጨርቅ ልንገርህ። አማሚ ኦሺማ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹና በኦኪናዋ መካከል ያለች ደሴት ናት። እዚያ ሸማኔዋ ጥቂት ሳንቲሜትር ከሸመነች በኋላ ታቆማለች። ድሩን ታላላዋለች። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካች ነጥብን ከነጥብ ታገጥማለች። እንደገና ትወጥረዋለች፤ ትቀጥላለች። እስከ ጣቃው መጨረሻ እንዲህ ነው። ጣቃው 12 ሜትር ያልፋል።

ግን እዚያው ኦሺማ ላይ ለእኔም የሚመሰክር ነገር አለ። ጨርቁ ሁለት ጊዜ ነው የሚሸመነው። የዩኪን እስር በእጅ ነው ያልኩት አይደል? በአማሚ እስሩ ራሱ ሽመና ነው። የሐሩን ክር በጥጥ ድር አጥብቀው ይሸምኑታል፤ ጥጡ የጨመደደው ቦታ ቀለም አይገባውም። ጉልበት ስለሚፈልግ ይህን የሚሠሩት በብዛት ወንዶች ናቸው። ከተነከረ በኋላ ጥጡ ይፈታል። ከዚያ ነው ሐሩ ለሁለተኛውና ለመጨረሻው ሽመና የሚዘጋጀው። መጀመሪያ የተሸመነው ጨርቅ የሚፈርስ ነው። ሊፈርስ ተብሎ ነው የተሸመነው።

የዶርዜ_ልጅ፦
መርፌው አሳመነኝ። ሁለት ጊዜ መሸመኑን ግን ሰምቼም አላውቅ። ቪዲዮ ካለሽ ላኪልኝ፣ ለልጆቼ ላሳያቸው። በጥፍር የሚሸምኑ አሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

ሐረግ_ጥለት፦
እውነት ነው። ኪዮቶ፣ ኒሺጂን ውስጥ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከ1467 እስከ 1477 ከተካሄደው የኦኒን ጦርነት ነው፤ የምዕራቡ ጦር የሰፈረበት ቦታ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ሸማኔዎች ተመልሰው እዚያ ተቀመጡ። ኒሺጂን በይበልጥ የሚታወቀው በመቀነቱ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ማጉን እንደ ሥዕል ቀለም በየቦታው እያስገቡ መሸመን ነው። ማጉ ከወርድ ወርድ አያልፍም፤ ቀለሙ የተፈለገበት ቦታ ብቻ ይመላለሳል። ሸማኔዎቹ የጣታቸውን ጥፍር በሞረድ እንደ መጋዝ ጥርስ ይስሉታል። በዚያ ጥፍር ማጉን እየሳቡ ይጠቀጥቁታል። ከባድ ንድፍ ከሆነ የቀን ሥራው ጥቂት ሳንቲሜትር ነው።

ኒሺጂን ግን ለማሽን በሯን የዘጋች ሰፈር አይደለችም። በ1872 ሦስት ሰዎች ወደ ፈረንሳይ ሊዮን ተልከው ንድፍ በራሱ የሚያወጣውን የዣካርድን የሽመና ዕቃ አምጥተዋል። ዛሬ ከዚያ የሚወጣው አብዛኛው መቀነት በሞተር የተሸመነ ነው። የእጁም ጎን ለጎን ይኖራል።

ኤልሳ_ኬሚስትሪ፦
እኔ ፍራንክፈርት ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ሐረግ አማሚን ካነሳሽ ጭቃውን እንዴት ዘለልሽው? ተማሪዎቼን የማስተምርበት ነው!

ላስረዳ። ደሴቷ ላይ ሻሪንባይ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። እንጨቱን ይፈልጡና ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል። የሚወጣው ቀይ ቡናማ ውሃ ታኒን በሚባለው፣ ቆዳ በሚለፋበት የተክል ንጥረ ነገር የተሞላ ነው። ሐሩን በዚህ ውሃ ደጋግመው ይነክሩታል። ከዚያ ይዘውት ወደ ጭቃ ማሳ ይወርዳሉ። እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሐሩን ጭቃው ውስጥ ያሹታል። ጭቃው ብረት አለው። ብረቱና ታኒኑ ሲገናኙ ቀለሙ ይጠቁራል። ይታጠብና እንደገና ወደ ታኒኑ ይመለሳል። ይህ በጣም ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጥቁር ለዓይን ጥልቅ ነው፤ ወደ ቡናማ ያደላል። ሐሩም ይለሰልሳል።

ብረቱ ደግሞ ያልቃል። ያኔ ዘንባባ የሚመስለውን የሳይካድ ተክል ቅጠል ማሳው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጭቃው ኃይሉ ይመለሳል። ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ላገኙ ሰዎች ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ደሴቷን ይገዙ የነበሩት የኪዩሹ የሳትሱማ ገዢዎች በ18ኛው መቶ ዘመን ደሴተኞቹን ጹሙጊ እንዳይለብሱ ሲከለክሏቸው፣ አንዲት ሴት ልብሷን ማሳ ውስጥ ደብቃ ስታወጣው ጠቁሮ አገኘችው ተብሎ ይተረካል።

የበረዶውንም ልጨምር። ኒጋታ ውስጥ፣ ኤቺጎ በሚባለው የበረዶ አገር፣ ራሚ ከተባለ ተክል ቃጫ ጨርቅ ይሸመናል። ራሚ የሳማ ዘመድ ነው። ቃጫው ሲደርቅ ይሰባበራል፤ የክረምቱ እርጥበት ነው የሚያድነው። መጋቢት አካባቢ ጨርቁን ሜዳ ሙሉ በረዶ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል። ፀሐዩና በረዶው አንድ ላይ ያነጡታል። ሰው ለብሶት የወየበ ልብስም እዚያ ይመለሳል። ዩኔስኮ ከዩኪ በፊት፣ በ2009 ነው የመዘገበው።

ወላይታ_ሶዶ፦
የሳማ ዘመድ ካልሽ፣ የእንሰት ዘመድ የሆነውስ? ኦኪናዋ ውስጥ ከሙዝ ግንድ ኪሞኖ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ የእንሰት ቃጫ ለገመድና ለጆንያ ነው። እንዴት ነው ሰው ገላ ላይ የሚውለው?

ሐረግ_ጥለት፦
ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። እንሰትና ሙዝ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኦጊሚ በምትባል መንደር፣ ኪጆካ ሰፈር ውስጥ ባሾፉ የሚባል የሙዝ ቃጫ ጨርቅ ይሸመናል። ተክሉ የሚበላ ሙዝ አይደለም፤ ለቃጫው ብቻ የሚተከል ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ያድጋል። በመሃሉ ቅጠሉንና አናቱን በየጊዜው ይቆርጡታል። እንዲህ ካልተደረገ ግንዱ ከታች ወፍሮ ከላይ ይቀጥንና ቃጫው እኩል አይሆንም። ምስጢሩ አንዱ እዚህ ነው፤ ልስላሴው የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው።

ግንዱ ሲላጥ ድርብርብ ነው። የውጪው ሻካራ ነው። ለኪሞኖ የሚሆነው ከውስጥ በኩል ያለው ነው። በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ይፋቃል። ከዚያ ቃጫው በጣት እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። እያንዳንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር ይቋጠራል። አይፈተልም፤ ይቋጠራል። ለአንድ ጣቃ የሚሆነውን ሰንጥቆ መቋጠር ከሽመናው እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጠሳልና እርጥበት ሲኖር ነው የሚሸመነው።

ይህን ሥራ ከጦርነቱ በኋላ ያስነሱት ወይዘሮ ታይራ ቶሺኮ ናቸው። በ1921 ነው የተወለዱት። በጦርነቱ ጊዜ ኩራሺኪ ከተማ ሄደው ሽመና ተማሩ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የሙዙ ማሳ ጠፍቶ ነበር። ተክሉን እንደገና አስተክለው፣ ሴቶቹን ሰብስበው ጀመሩ። መንግሥት በ2000 የአገር ሕያው ቅርስ ብሎ ሾማቸው። በ2022፣ መቶ ዓመት አልፏቸው ነው ያረፉት። የመንደሩ ሴቶች ዛሬም ይሠራሉ።

የእንሰቱን ቃጫ በዚህ መንገድ የሞከረ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ_ታደሰ፦
ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ስከታተል ቆይቻለሁ። አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ አገራችን ይገባ ከነበረው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ነበር። አያቶቻችን የለበሱት አቡጀዲ ከጃፓን ፋብሪካ የወጣ ነው። ጃፓን በእጅ የተሸመነውን ለራሷ ይዛ የማሽኑን ለዓለም ትሸጥ ነበር።

የማሽኑ ነገር ደግሞ የእናንተን መኪና ይመለከታል። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። እናቱ በእጅ ስትሸምን እያየ ነው ያደገው። በ1891 ለተሻሻለ የእንጨት የሽመና ዕቃ የፈጠራ መብት አወጣ። በ1924 ክር ሲበጠስ ራሱ የሚቆም አውቶማቲክ ማሽን ሠራ። ልጁ ኪኢቺሮ ከዚሁ ኩባንያ ተነስቶ መኪና ጀመረ፤ ቶዮታ ሞተር በ1937 ተቋቋመ። አዲስ አበባ ላይ የሚርመሰመሰው ቪትዝ ሁሉ ሥሩ ሽመና ቤት ነው።

በረከት_ሃያሁለት፦
ጋሼ ይኑሩልን! ይህንን ለታክሲ ጓደኞቼ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።

ሚኪ_ዱባይ፦
ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ አይደለም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ይህ ሁሉ ሙዚየም ነው። ኪዮቶ ሄጄ አይቻለሁ፤ ወጣቶቹ የሚለብሱት የተከራየ ፖሊስተር ነው። በሚሊዮን የን ማን ይገዛል? ሰው የማይገዛውን ጥበብ መንግሥት ደግፎ ስንት ዓመት ያቆየዋል?

ሐረግ_ጥለት፦
ሚኪ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። እኔም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። መንግሥት የሚያደርገው አለ። በ1950 የወጣ የቅርስ ጥበቃ ሕግ አለ፤ ዩኪ ጹሙጊ በዚያ ሕግ በ1956 ተመዝግቧል። ሕያው ቅርስ የተባለ ባለሙያ በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጠዋል፤ ሙያውን እንዲያስተምርበት። ይህ ግን ላይኛውን ሰው ነው የሚደግፈው።

ከሥር ያለውን ተመልከት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የሐር ትል የሚያረቡ የገበሬ ቤተሰቦች ከ2 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ዛሬ ከ200 በታች ናቸው። ክሩ በአብዛኛው ከቻይናና ከብራዚል ይመጣል። ክር በምራቅ የምታለሰልሰው ሴት ሸምግላለች። ድሩን የሚለየውን የቀርከሃ ማበጠሪያ የሚሠራ ሰው ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ሸማኔዎች አሮጌውን እየጠገኑ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ከሽመናው በፊት ያለውን ተመልከቱ ያልኩት። ሸማኔ ለመሆን የሚመጣ ወጣት አሁንም አይጠፋም። ስሙ በጨርቁ ላይ ይጻፍለታል፣ ኤግዚቢሽን ያሳያል። ፈታይ ለመሆን ማን ይመጣል? ማበጠሪያ ሠሪ ለመሆንስ? አንዱ ከተቆረጠ ሸማኔው ምን ይዞ ይቀመጣል?

ሙዚየም ነው ያልከውን ግን አልቀበለውም። ሺሙራ ፉኩሚን ተመልከት። በ1924 የተወለዱ፣ ጹሙጊን ከገበሬ ጨርቅ ወደ ሥነ ጥበብ ያደረሱ ሴት ናቸው። በ1990 ሕያው ቅርስ ሆኑ። ቀለማቸውን ሁሉ ከተክል ነው የሚያወጡት። ሮዝ ቀለምን የሚያወጡት ከቼሪ አበባ አይደለም፤ አበባው ሊፈነዳ ሲል ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ዛፉ አበባ ለመሆን ያጠራቀመው ቀለም ያኔ እንጨቱ ውስጥ ነው ይላሉ። አረንጓዴ ደግሞ ዓለም ሁሉ በቅጠል ተሞልቶ ሳለ ከአንድ ቅጠል በቀጥታ አይገኝም። ኢንዲጎ በሚባለው የተክል ሰማያዊ የተነከረውን ቢጫ ቀለም ውስጥ መድገም ያስፈልጋል። ኪዮቶ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ትምህርት ቤት ከፍተው ወጣቶች አስተምረዋል። ሙዚየም ተማሪ የለውም።

ሰላም_አዳማ፦
ስለ ሐሩ ትንሽ ልጨምር። እኛ አካባቢ፣ መልካሳ ግብርና ምርምር፣ በሐር ትል ላይ ይሠራል። ኤሪ የሚባለው ዓይነት የጉሎ ቅጠል ነው የሚበላው። የኤሪ ጎጆ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ክሩ ቀጥ ብሎ አይመዘዝም፤ መፈተል አለበት። ሐረግ ስለ ባዘቶው ስትጽፊ ይህ ነው ትዝ ያለኝ። ጉሎ በየአጥሩ አለ። ፈታይ እናቶች አሉ። የጹሙጊን አፈታተል የሚያሳይ ሰው አንድ ጊዜ ቢመጣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የዶርዜ_ልጅ፦
ሰላም፣ እኔ ኤሪ ሸምኛለሁ። ከጥጥ ጋር ሲቀላቀል ውድ ነው ግን ይሸጣል። ክሩ ትንሽ ጉብ ጉብ ይላል፤ ገዢ ደግሞ እሱን ነው የሚወደው። በምራቅ ተለስልሶ ያልከረረውን ግን መሞከር እፈልጋለሁ። የጉድጓዱ ዕቃ ይበጥሰዋል ብዬ እፈራለሁ። ድሩን ጥጥ አድርጌ ማጉን ብቻ በእሱ እጀምራለሁ።

ሐረግ_ጥለት፦
ወንድም ዓለም፣ ልክ እንደዚያ ጀምር። እዚህ ድሩን በስታርች ያጠነክሩታል፤ ጨርቁ ካለቀ በኋላ ይታጠባል። ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው።

ሜሪ_ኦሳካ፦
እኔ ኦሳካ ነው የምኖረው። አዲስ መግዛት አልችልም። ግን አሮጌ ኪሞኖ የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል፣ ዋጋውም በጣም ይወርዳል። በእጅ የተሸመነውን በምን ልለየው?

ሐረግ_ጥለት፦
ሜሪዬ፣ እዚያ ጥሩ ነገር ይገኛል። መጀመሪያ ገልብጠሽ እዪው። ንድፉ ክሩ ላይ ከሆነ ጀርባውና ፊቱ እኩል ነው። ከላይ የታተመ ከሆነ ጀርባው ይደበዝዛል። የታሰረ ክር የነጥቡ ጫፍ ትንሽ የተንቀጠቀጠ ይመስላል፤ በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ካለ ተጠራጠሪ።

ሁለተኛ፣ የጣቃውን ጫፍ ጠይቂ። ጥሩ ሰፊ ከሰፋ በኋላ የተረፈችውን ቁራጭ ከነወረቀቷ ያስቀምጣል፤ ሻጩ አንዳንዴ አብሮ ይይዛታል። ኦሺማ ከሆነ የዓለም ሉል ምልክት ያለበት ከአማሚ ነው፤ ሁለት የተጣመሩ ባንዲራዎች ያሉበት ኪዩሹ ላይ ካለችው ካጎሺማ። ዩኪ ከሆነ ወረቀቱ ላይ በእጅ የተፈተለና በወገብ ዕቃ የተሸመነ መሆኑን ጃፓንኛ የምታነብ ጓደኛ ታንብብልሽ፤ በዩኪ ስም የሚሸጥ የማሽን ጨርቅም አለ።

ማርጀቱን አትፍሪ። ኪሞኖ የሚቆረጠው በቀጥታ መስመር ነው፤ የሚጣል ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል። ስፌቱ በእጅ ስለሆነ ይተረተራል። ተተርትሮ እንደገና ጣቃ ይሆናል፣ ይታጠባል፣ ይወጠራል፣ ለሌላ ሰው ይሰፋል። ጹሙጊ ደግሞ በተለበሰ ቁጥር ነው የሚለሰልሰው።

የማይስተካከለው አንድ ነገር የክንድ ርዝመት ነው። ቁመቱ ወገብ ላይ ታጥፎ ይስተካከላል። እጅጌው ግን ከጣቃው ወርድ አይወጣም፤ የድሮ ጣቃ ደግሞ ጠበብ ይላል። ወደ ሱቁ ከመሄድሽ በፊት ክንድሽን ወደ ጎን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ዘርጊና ከማጅራትሽ አጥንት፣ በትከሻሽ በኩል፣ እስከ እጅ አንጓሽ አስለኪ። ያንን ቁጥር ስልክሽ ላይ ጻፊው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።